በምራቅ የተቆጠረ ዘር

እኛ መንዝ ውስጥ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሞላሌ አባቴ ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የእኔንም የእጮኛዬንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ የሚያገናኘን ጠፋ። ነገሩ እዚያ ማለቅ ነበረበት።

የእጮኛዬን ታላቅ ወንድም ግን አላስቻለውም። አዲስ አበባ የዘረመል ምርመራ ወኪል ነው፤ ከሰው ምራቅ ተቀብሎ ወደ ውጭ ይልካል። "ሽማግሌ ይረሳል፤ ይሄ ሳይንስ ነው" እያለ ተመጻደቀብን። እንዴት እንደሆነ ለማሳየት መጀመሪያ ራሱ ብልቃጥ ውስጥ ተፋ፣ ቀጥሎ እጮኛዬ። እኔም ተፋሁ። ምን ላድርግ፣ እምቢ ብል "ምን ደብቃ ነው" ይባላል።

ውጤቱ በቴሌግራም መጣ፦ እኔና እጮኛዬ ወንድምና እህት ነን። ሠርጉ ቆመ። ሠርጉስ ይቅር። የእጮኛዬ አባት ድሮ ከአገራቸው ከቀየት በግ ሊሸጡ ሲመጡ እኛ ቤት ያድሩ ስለነበር አገሩ ሁሉ ዓይኑን እናቴ ላይ ጣለ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አብሯት የሚሄድ ሴት ጠፋ።

ወኪሉን ልከስ አዲስ አበባ ሄድኩ። የጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ውጤቱ ላይ ለመረጃ ብቻ ብለው ጽፈዋል። ሕክምና ስላልሆነ እኛን አይመለከትም" አለኝ።

"እናቴን ማዋረዱስ ማንን ይመለከታል?"

"እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

ወኪሉ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለው የምስክር ወረቀትም ተራ የንግድ ፈቃድ ሆኖ ተገኘ። ምራቁን የሚልክለትን የውጭ ላቦራቶሪም መርምሮ ብቁ ነው ያለ አንድም አካል የለም።

እጮኛዬን እየጎተትኩ ብቃቱ የተረጋገጠ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ምንም ዝምድና የላችሁም ተባልን። ባለሙያዋ የፊተኛውን ውጤት ስታየው በእኔ ስም የተመረመረው የወንድ ምራቅ ነው። ያ ወኪል የራሱን ብልቃጥ በእኔ ስም ልኮታል! የሁለት ወንድማማቾችን ምራቅ መርምረው ነው እኔን እህት ያደረጉኝ። ደህና ላቦራቶሪ ቢሆን ሴት ተብሎ የወንድ ናሙና ሲመጣለት እዚያው ያቆመው ነበር አለችን።

ለወኪሉ ስነግረው ሳቀ። "ያጋጥማል እኮ" አለኝ። ዛሬም እየሸጠ ነው፤ የነካው የለም።

በማግስቱ ሞላሌ ስገባ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ገብስ ታበጥራለች። ሰላም እንኳ ሳልላት፣ "እማዬ፣ ውሸት ነው! ተረጋግጧል!" አልኳት።

"ውሸት መሆኑንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ልጄ" አለች፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ። "አባትሽ ግን ጠየቀኝ።"