በእምቧይ ጭስ የወጣው ትል

በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ላይ በሚደረገው የኪነት ውድድር አምባሰልን እንዳዜም ከሐይቅ ልጆች መካከል የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት የለም። ታዲያ ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው መንጋጋዬ ተነሳብኝና ጉንጬ እንደ ሙልሙል አበጠ። አፌ ጣት አያስገባም።

የቡድኑ መሪ አየኝና፣ "መኪናው እስኪነሳ አፍህ ካልተከፈተ ባለክራሩ ያዜማል" አለ። ባለክራሩ ሲያዜም ፍየል የታነቀች ይመስላል።

በአገራችን ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም አያጣም፤ የሚያጣው ዝም የሚለውን ሰው ነው። አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት አለኝ፤ ነከስሁ። ሌላው አረቄ ያዝበት፣ እንዳትውጠው ግን አለኝ፤ ያዝሁ፣ ዋጥሁም። ባለሱቁ የሸጠልኝን ቀይና ቢጫ እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን በተቦረቦረው ጥርሴ ሞላሁት። ምሬቱ ጆሮዬ ድረስ ዘለቀ፤ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን፣ በርበሬ ነጋዴዋ ሐጂት፣ በአጥር በኩል አዩኝ።

"አብሽር፣ ትል ነው። ና ላውጣልህ።"

"ጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ አንብቤያለሁ" አልሁ ባልተከፈተ አፌ።

"አንተ አንብበህ ይሆናል፤ ትሉ ግን አላነበበም።"

ውሃ በሞላ ሳህን መካከል ፍም የያዘ ገል አስቀመጡ። የደረቀ የእምቧይ ፍሬ በቅቤ ለውሰው በተኑበትና ጋቢ አከናነቡኝ። "ቢስሚላህ፣ አፍህን ወደ ጭሱ።" ፍሬው ይንጣጣል፣ ዓይኔ ያነባል። ጋቢው ሲገለጥ ውሃው ላይ ነጫጭ፣ ጥምዝምዝ ያሉ ሰባት ትሎች ተንሳፍፈዋል። ከዚያ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ሕመሙ መጥፋቱ ነው። አፌ ተከፈተ። እዚያው ጓሮ ቆሜ አምባሰልን ስለቀው ዶሮዎቹ ተበተኑ።

ደስ ብሎት የሚቀመጥ ሰው አልነበርሁምና፣ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ፍም፣ ያንኑ ፍሬ አዘጋጀሁ። ጋቢውን ግን ያከናነብሁት በርጩማ ነው። ስገልጠው ውሃው ላይ ትል! ከፍሬው ልብ የሚፈናጠር ነገር ኖሯል። ግኝቴን ይዤ በሩጫ ሄድሁ።

"እማማ፣ የበርጩማችንም ጥርስ ትል አለው።"

በርበሬያቸውን ማበጠራቸውን ሳይተዉ፣ "እሱስ ተሻለው?" አሉኝ።

በነጋታው ሕመሙ ተመለሰ። የጭነት መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ባለክራሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ በሐጂት በር ቆሜያለሁ።

"ትሉ የፍሬው ነው አላልህም?"

"ብያለሁ።"

"እና ምን ልትሆን መጣህ?"

"መኪናው ሊሄድ ነው፣ እማማ። ያጭሱልኝ።"

ሳቃቸውን ውጠው ፍም አወጡ።

ደሴ መድረክ ላይ ስወጣ ጋቢዬ ገና እምቧይ እምቧይ ይሸታል። ረጅሙን ዜማ ስለቀው መንጋጋዬ እስከ ጥጉ ተከፈተ። ጥርስ ውስጥ ትል እንደሌለ ዛሬም ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ከእኔ ግን ያን ለታ፣ በሁለተኛው ጭስ፣ ዘጠኝ ወጥተዋል።