በሁዳዴ የከዳኝ ውሻ

ውሻዬ ድመት ሲያይ የማላውቀው ፍጡር ይሆናል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ገመድ በጥሷል፣ የአከራዬን የሰላጣ መደብ ገልብጧል፣ አንዴ እኔንም ከነጃኬቴ ቧንቧው ሥር ጭቃ ውስጥ ጎትቶኛል። ከቡችላነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አምቦ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ አንድም ሰው አላውቅም ነበር፤ መጀመሪያ የለመደኝ እሱ ነው።

የጉደር ልጅ የሆነች ነርስ ጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይታ ድመቷን ይዛ ከገባች ወዲህ ግቢው ሰላም አጣ። በሁዳዴ መግቢያ አከራዬ ጠሩኝና፣ "ቲቸር፣ እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ያኔም ድመት የሚያባርር ከሆነ ሸነን ገጠር ያለው ወንድሜ እርሻ ላይ ሄዶ ይታሰራል" አሉኝ። ዱላም ጩኸትም ሞከርኩ፤ ባሰበት።

"አይቆጡት ቲቸር" አለችኝ ነርሷ፣ ሲስተር ነው የምላት። "ድመቷን ባየ ቁጥር ገና ሳይጮህ ሥጋ ይቅመስ። ከሩቅ እንጀምርና ቀስ እያልን እናቀርበዋለን።"

ምክሩ ጥሩ ነበር። ግን ሥጋውን ከየት ላምጣ? የሰፈሬ ልኳንዳ ለጾሙ ዘግቷል። ክፍት ከሆነው ቤት በሁዳዴ ፌስታል አንጠልጥዬ ስወጣ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ፣ "ለውሻ ነው" ብል ማን ያምነኛል? ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ተወው። ሲስተር ግን ጴንጤ ናት፤ ድስቷ ሁዳዴን አያውቅም። ስለዚህ ገመዱን በገዛ እጄ አስረከብኳት።

ሠራ። ያናደደኝም መሥራቱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድመቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን ስትልስ ውሻዬ ዝም ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ወደ ሲስተር ዞሮ ይጎርሳል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተኛበት ሳይነሳ ጭራውን አንዴ ይወዘውዛል፤ የእሷን ኮቴ ግን ከአስፋልቱ ማዶ ለይቶ ያላዝናል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይሉ የለ? ቀናሁ። የወደድኳት ሴት ጥላኝ ስትሄድ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም። ሽሮዬን እየበላሁ በግድግዳው በኩል "ጎበዝ! የኔ ቆንጆ!" ስትለው እሰማለሁ፤ ሳልጨርስ ሳህኑን እገፋዋለሁ።

በሆሳዕና ሰሞን አልቻልኩም። "ዛሬ እኔ ልያዘው" ብዬ ገመዱን ተቀበልኳትና ያለምንም ሥጋ፣ ባዶ እጄን፣ ድመቷ አጠገብ ወሰድኩት። ለእኔም እንደሚታዘዝ ላሳያት ብዬ ነው። ገመዱን መንጭቆ ሲዘልባት ድመቷ ለጥቂት አምልጣ ጣሪያ ላይ ወጣች። ዞር ስል አከራዬ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሲስተር ቀድማ። "ድመቷን በድንገት ለቅቄባቸው ነው።"

እኔ ውሻዬን ጎትቼ ክፍሌ አስገባሁት። ላመሰግናት ሲገባኝ ይባስ ጠላኋት።

ለፋሲካ ሲስተር ድመቷን ለእኔ አደራ ብላ ቤተሰቦቿ ጋ ጉደር ሄደች። እኔ ከቅርጫ ድርሻዬ ምርጡን ቆርጬ፣ ውሻዬን በገመድ ይዤ ግቢው መሃል ቆምኩ። አከራዬ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀመጡ። ድመቷ ከአጥሩ ወርዳ በፊታችን አለፈች። ውሻዬ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቁጭ አለ።

"እንግዲህ ይኑር" አሉ አከራዬ።

በደስታ ሥጋውን ዘረጋሁለት። እጄን አላየውም። የተዘጋውን የሲስተርን በር ነበር የሚያየው። አፉ ድረስ ሳቀርብለት እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ተቀበለኝ፣ ገመዱን ስፈታለትም ሄዶ ደጃፏ ላይ ተኛ።

አመሻሹ ላይ ሲስተር ተመለሰች። "ቲቸር፣ እንዴት ሆነ?" አለችኝ ገና ከበሩ፣ እሱ እላይዋ ላይ እየዘለለባት።

"ድምፁን እንኳ አላሰማም። ጋሼ ይኑር ብለዋል" አልኳት።

ወዴት ያይ እንደነበር ግን አልነገርኳትም።