መከለሻ የሸተተው ገጽ

ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ያገለገሉ ኮሚኮችና መጫወቻዎች እንሰብስብ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅሬታውም የመጣው ወደ እኔ ነው።

ዱባይ ተራ ካሉ ሱቆች አንድ እጅ ያላት አሻንጉሊት፣ ሦስት ጎማ ያለው መኪናና መሳቁን የማያቆም ድብ አገኘሁ። ኮሚኮቹን የሰጡኝ በርበሬ በረንዳ ቅመም የሚሸጡ አንዲት የወሎ እናት ናቸው። ካርቶኑን የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስከፍተው ነርሷን ሦስት ጊዜ አስነጠሳት።

«ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የወጥ ቅመም?» አለችኝ።

«ሁለቱም፣ ሲስተር» አልኳት። የተጣራ መረጃ ነበር።

በማግስቱ ስመለስ እግሯ በጀሶ የታሰረ፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አንዱን ኮሚክ እንደ ክስ መዝገብ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሠርግ ላይ የሙሽራዋ ቀለበት ይሰረቃል፤ ተጠርጣሪዎቹ ወጥ ሠሪዋ፣ ሙሽራውና አንድ ዝንጀሮ ናቸው። የመጨረሻው ገጽ የለም።

«ጋሼ፣ ማነው የሰረቀው?»

«አላውቅም።»

«ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን አለብኝ። ሳላውቅ አልገባም።»

«ዝንጀሮው ነው ይበሏትና ይገላግሉን!» አለ ከጎኗ የተኛው ልጅ።

እንደዚያው ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ዕድሜ ልኬን ያላጣራሁትን ጽፌ አላውቅም። እሷም ደካማ ጎኔን አገኘችው፦ «ጋዜጠኛ ነዎት አይደል? ይጠይቁና ይምጡ።»

ወዲያው በርበሬ በረንዳ ሄድኩ።

«እትዬ፣ የዚህ መጨረሻ የት ገባ?»

«ለአንተ ሳልሰጥህ በፊት መከለሻ ጠቅልዬበታለሁ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። «የምቀደው ከኋላ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ፤ ከፊት ብቀደው ምን ላነብ ነው?»

«ታዲያ መጨረሻውን በምን ያውቁታል?»

«እሱ ነው ችግሩ! እኔ ግን ወጥ ሠሪዋን ነው የጠረጠርኩት።»

ደግነቱ መከለሻውን ያዘዘችው ደንበኛ ገና አልመጣችም። የልጅቷን ነገር ስነግራቸው ጥቅሉን ከመደርደሪያ አውርደው መከለሻውን ፌስታል ውስጥ ገለበጡት። ገጹን ፊታቸውን ዞር አድርገው አራገፉና አጥፈው ሰጡኝ።

«አንተም እንዳታይ። እሷ ትቅደም፤ ከዚያ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

አላየሁም። ታክሲ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩት። እኔ የጠረጠርኩት ሙሽራውን ነበር።

ልጅቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ አነበበችው። አስነጠሳት፣ ሳቀች፣ ከዚያ አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ፦ «ማነው? ማነው?»

«ከኦፕራሲዮን ስመለስ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ የነካ ወዮለት!»

በማግስቱ ከሰዓት ስደርስ ነቅታለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ቁጣዋ ግን ምንም አልጎደለም።

«ጋሼ፣ እኔ አራት ቦታ አጥፌው ነበር። አሁን ሁለት ቦታ ነው የታጠፈው። ያነበበ ሰው አለ።»

ምርመራ ጀመርኩ። ሕፃናቱ በሙሉ ማሉ፤ አብዛኞቹ ከአልጋ መውረድ ስለማይችሉ አመንኳቸው። ቀጥዬ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ የልጅቷን ትራስ የነካ ሰው አይተሻል?»

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። በዚያው አፍንጫዋን በጣቷ ነካ አደረገች። ሦስት ጊዜ አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አልኳት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬም፦ «ሙሽራው ነው አይደል?»