ከባሕር ዛፉ ጀርባ የቆመ አባት

ሂንድ ጎልፍ የጀመረች ጊዜ የጊንጆ ሰፈር ሰው ሳቀ። ጎልፍ! ያውም ጅማ ላይ፣ ያውም የበያጅ ልጅ! መሳቅ ምንም አያስወጣምና ሁሉም ጠግቦ ሳቀ። ያልሳቀው አባቷ ሙርሺድ ብቻ ነበር። እሱ ግን ደስ እንዳለው ለማንም አልተናገረም፤ ለልጁም ጭምር።

ሙርሺድ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ቡና ሲደርስ ደግሞ አጋሮና ሰቃ እየተመላለሰ የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል። በሥራው አይታማም። በአባትነቱ ግን ራሱን ያማል፤ ምክንያትም አለው። የመጀመሪያ ልጁ ኸይረዲን ኳስ ይወድ ነበር። ሙርሺድ ደግሞ ከልጁ በላይ ወደደለት። ልጁ በተጫወተ ቁጥር ሜዳው ዳር ቆሞ «ምታው! ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ እንጂ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኽ ነበር። ማታ እራት ላይ ደግሞ ያመለጠችውን ኳስ እያነሳ ይወቅሰዋል። ልጁ እንጀራውን እንደጠቀለለ አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን ታኬታውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠና አዲስ አበባ ገባ። አሁን ለኢድ ይደውላል። የሚደውለው እናቱ ስልክ ላይ ነው፤ «አባን ሰላም በይልኝ» ብሎ ይዘጋል።

ሂንድ ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ቅዳሜ ከሰቃ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች። ጋሼ ወልደሰማያት የሚባሉ ሽማግሌ የግጦሽ ሜዳው ላይ ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ሲመቱ አግኝታቸው፣ እሷንም አስመትተዋት፣ ኳሷ ከላሞቹ አልፋ ሄዳለች። ይህን ሁሉ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ፣ እናቷ መድና ባሏን በዓይኗ ትጠብቀው ነበር። ልጅቷ ወጣ ስትል፣

«ማሎ፣ እባክህ፣ ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለችው። «ይቺንም እንዳታስኮበልልብኝ።»

«ወላሂ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም» አላት።

ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ጉዳቱ እንግዲህ መሐላ አክባሪ መሆኑ ነው።

ጋሼ ወልደሰማያት ጡረታ የወጡ የቡና ባለሙያ ናቸው። ጨዋታውን የለመዱት አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው። ዱላቸው ለሂንድ ይረዝማል። ሙርሺድ ይህን ከወሬዋ መሃል ሰማና ከሥራ በኋላ ቀጭን ቱቦ ቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ብረት በይዶ ሞረደው። ከበደው፣ ጣለው። ሌላ ሠራ፤ አሁንም አላማረውም። በመጨረሻ ልክ ሲመጣለት፣ እጇ እንዳይላጥ መያዣውን በጎማ ጠቅልሎ በር ላይ አስደገፈው።

«ከሥራ የተረፈ ብረት ነው። ከፈለግሽው ውሰጂው» አላት።

ልጅቷ አመነችው። አባቷ ዋሽቶ አያውቅማ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑን ይዘጋና ራቅ ብሎ ይከተላታል። ሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጀርባ ይቆማል። ሂንድ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ትዘጋጃለች፤ ዱላው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ኳሷ ሽቅብ ትበራለች። ሙርሺድ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ማሻላህ» ይላል። ከሆዱ ሽቅብ የሚመጣውን ጩኸት አፉን በመዳፉ ይዞ ይመልሰዋል። ይህን ያህል የተደሰተ ሰው ይህን ያህል ሲደበቅ ማየት ያስቃልም፣ ያሳዝናልም።

አንድ ቀን ጋሼ ወልደሰማያት ኳስ ሲፈልጉ ደረሱበት።

«አንተ የሂንድ አባት አይደለህ? ምነው ቀረብ አትል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ካየችኝ እጇ ይታሰራል። እንዳይነግሯት፣ አደራ።»

እሳቸውም አደራ የማይበሉ ሰው ሆኑና ነገሩ እዚያው ተቀበረ።

ክረምት ሲቃረብ ጋሼ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ለልጆች የጎልፍ ሥልጠና አለ። እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር እዚያ እህታቸው ቤት ሊከርሙ ነውና ሂንድን ይዘዋት መሄድ ይችላሉ። «አባትሽን ጠይቂና ንገሪኝ» አሏት። ሂንድ በሩጫ ወርክሾፕ ደረሰች። ሙርሺድ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ።

«አባ፣ ጋሼ ክረምቱን አዲስ አበባ እንውሰድሽ ይላሉ። ልሂድ?»

«ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ሊል ነበር። ይህንኑ ቃል ግን ለኸይረዲን ስንት ጊዜ ብሎታል። ዋጠው።

«የልብሽን አድርጊ» አላት።

«አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ምን አገባኝ። ያንቺ ነገር ነው።»

ልጅቷ «እሺ» ብላ ሄደች። ማታ ሙርሺድ ለመድና «አየሽ? አልገፋኋትም» ብሎ ተኩራራ። ያንን መልሱን ለብዙ ጊዜ በልቡ ሲያደንቀው ነበር።

ሂንድ አልሄደችም። ክረምቱን አክስቷ ሱቅ መዋል ጀመረች፤ ከሜዳውም ጠፋች። ሙርሺድ ቅዳሜ ዝናብ እየመታው ጠብቆ ይመለሳል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይሄዳል። ለምን ቀረሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም። መጠየቁም መግፋት መሰለው።

መስከረም ላይ ጋሼ ወልደሰማያት ከአዲስ አበባ ተመልሰው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ።

«ምነው ሙርሺድ፣ ልጅቷን ከለከልካት?»

«እኔ? ማን አለ?»

«እሷ ናታ! ዛሬ ለምን ቀረሽ ብላት “አባቴ ግድም የለው፤ ምን አገባኝ አለኝ” አለችኝ። አንተ ደግሞ አፌን በአደራ ዘግተኸዋል። ምን ልበላት?»

ሙርሺድ በሩን ሳይቆልፍ ወደ ቤቱ ገሠገሠ። ሂንድ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሂንዴ፣ እኔ እኮ መጥቼ አይሽ ነበር። ባሕር ዛፉ ጋ። አንድ ቅዳሜ አልቀረሁም።»

እጇ ሳፋው ውስጥ ቀረ።

«ሁሌ?»

«ወላሂ! ወንድምሽን በጩኸት አባረርኩት። አንቺን እንዳላባርር ዝም ልበል ብዬ ነው።»

ሂንድ ሳፋው ውስጥ ያለውን ሸሚዝ ማሸት ቀጠለች።

«ኸይሩ ላይ ስትጮኽ እኔ ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ አይ ነበር» አለች። «እሱ ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ እቀናለሁ። ለእኔስ መቼ ነው እንዲህ የሚጮኽልኝ እል ነበር፣ አባ።»

ሙርሺድ በርጩማውን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ «ነገ እንሂድ» አላት። «አብረን። ፊት ለፊትሽ እቆማለሁ። እጮኻለሁም፣ ብቻ አንቺ ምቺ።»

ሂንድ ፈገግ አለችለት። እንዳይከፋው ብላ ነው እንጂ የደስታ ፈገግታ አልነበረም።

«ተወው፣ አባ። አሁንማ ከልቤ ወጥቷል» አለችና ሸሚዙን ከሳፋው አውጥታ ጨመቀችው።

ውስጥ ሆና ስትሰማ የነበረችው መድና በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።