ቆሞ የሚያይ ሁለተኛ

ኢርመሊ ተቆጥታ አታውቅም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆጣ ኖራለች፣ በሆዷ። በሩቁ ሰሜን የቶርኒዮን ወንዝ የሸፈነው በረዶ በጸደይ ሲሰበር ውሃው የትኛውን ቤት እንደሚያጥለቀልቅ የሚተነብየውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ አዝጋሚ ነው። አምና ትንበያው የወጣው ውሃው የአጎቷ የኦይቫ አልጋ ሥር ከገባ በኋላ ነበር፤ ሽማግሌውን ጎረቤት ነው በጀልባ ያወጣቸው።

«ጊዜ ስጡኝና እንደገና ልጻፈው» ብላ ለመነች። አለቃዋ ያርኮ ግን ጊዜውን ነፍጎ ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሌላ የስሌት አንጎል፣ ገዛ። በስብሰባው ላይ «በእጥፍ ይፈጥናል፣ አይደል?» ቢላት «ኒን» አለች። በዚያ አገር «ኒን» አዎ ነው፤ «ሰምቼሃለሁ፣ ግን ተሳስተሃል»ም ነው። ያርኮ የሚጥመውን መረጠ፣ ኬክም ተቆረሰ።

ዘንድሮ በረዶው መንቀሳቀስ ሲጀምር ፕሮግራሙን አስነሳች። አንደኛው ፕሮሰሰር ይፋጃል፣ ሁለተኛው ቆሞ ያያል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሎሚ ግን ይከፋፈላል። ይሄ ስሌት የወንዙን የታችኛውን መታጠፊያ ለማስላት የላይኛውን ውጤት ይጠብቃል። ዋናውን ወንዝና ገባሩን ለያይቶ ለሁለቱ የሚያካፍል ሰው ከሌለ፣ ሁለተኛው ኖረም አልኖረም ያው ነው።

«ትንሽ ቆይቶ ይነሳ ይሆናል» አለ ያርኮ።

«እንቅልፍ ወስዶታል እንዴ? ሥራ የሰጠው የለም!»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር! ጆሮህን ለኬክ ሰጥተኸው ነው እንጂ!»

ስልኳን አንስታ ለኦይቫ ደወለች።

«አጎቴ፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ።»

«ማሽኑ ተናገረ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ሲናገር ደውዪልኝ» ብለው ዘጉባት።

መኪናዋን አስነስታ በረረች። ስትደርስ ኦይቫ ማዕድ ቤት ቁጭ ብለው የዓሣ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። በመስኮቱ በኩል ግዙፍ የበረዶ ስባሪዎች እየተደራረቡ ወንዙን ሲዘጉት ይታያል።

«አንድ የማይረባ ብረት እስኪናገር ነው ነፍስዎን የሚያስይዙት? ይነሱ! ይነሱ ብያለሁ!»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩዋት።

«ከተወለድሽ ጀምሮ ስትጮኺ ሰምቼ አላውቅም» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።