የፉሊያ ባል

አሁንማ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ነው የሚስቁት፤ ሲስቁም ድምፅ የላቸውም። ይሄ ሳቅ ነው እንግዲህ! በእኛ ጊዜ መሳቅ ያማረሽ እንደሆነ ኒሙ ዛፍ ሥር ወጥተሽ አሻንጉሊት አጫዋቹን ጋሽ ራምኬላዋንን መጠበቅ ነው። ላክናው ከተማ ድረስ እየጠሩት፣ መከር ሲገባ የእኛን ሰፈር አንድም ዓመት አስቀርቶብን አያውቅም።

የጠፍር አልጋውን በጎኑ ያቆምና አንሶላ ጥሎበት ከኋላው ቁጢጥ ይላል። በቀኝ እጁ ፉሊያ የምትባለውን አሻንጉሊት፣ በግራው ቻሜሊን ያጠልቃል። ፉሊያ የትዳር ሚስት ናት፣ ቻሜሊ ጣውንቷ። ሁለቱም በአንድ ባል ይደባደባሉ፤ ባልየው ግን ብቅ ብሎ አያውቅም፣ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ስሙም ራምኬላዋን። "የሰው ስም ብጠራ መንደሩ ይጣላኛል፤ የራሴ ይበቃል" ይል ነበር።

ኧረ ድብድቡ! ቻሜሊ በሊጥ መዳመጫ የፉሊያን አናት ቋ! ስታደርገው ልጆቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ሚስቱ እትዬ ሱክዴይ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ምት ከበሮዋን ድው ታደርጋለች። እሷ ግን ጥርሷ አይታይም። ያኔ ጎረቤቷ የገባሁ ሙሽራ ነበርኩና "ምነው እትዬ፣ አትስቂም?" ብላት፣

"ስትደበደብ የምትውለው ሚስቲቱ አይደለችም እንዴ? እስቲ አንቺ ሳቂ" አለችኝ።

አንድ ክረምት የጋሽ ራምኬላዋን ቀኝ ጎን ሽባ ሆነ። ምላሱን አምላካችን ራም አተረፈለት፣ እጁ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ፉሊያ ደግሞ የቀኝ እጅ ናት። ወሩን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ከረመና አንድ ቀን ሚስቱን "አሻንጉሊቶቹን ወንዙ ውስጥ ጣይልኝ" አላት። በእኛ አገር ያረጀ አሻንጉሊት በወንዝ ነው የሚሸኘው።

እትዬ ሱክዴይ እያለቀሰች እኔ ቤት መጣች። "እነሱን ከሸኘ እሱም ይከተላቸዋል፤ አውቀዋለሁ። አንዷን እኔ ልያዝለት?"

"ሴት ልጅ አሻንጉሊት ይዛ ታውቃለች? ሰዉ ምን ይላል?" አልኳት።

"ሰዉ ይፈንዳ!"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግፋ አወጣችው። እኔ አልጋውን አቆምኩላት። ቻሜሊን በግራ እጁ አጠለቀችለት፣ ፉሊያን ራሷ አጠለቀች። ሰው ግር ብሎ መጣ። ቻሜሊ አንገቷን ደፋች። ፉሊያ መዳመጫውን ነጠቀቻትና ቋ!

"ኧረ በሕግ! ይቺ ሴትዮ አበደች!" አለች ቻሜሊ፤ ጋሽ ራምኬላዋን ለአሻንጉሊት የሚያወጣው ያ የምናውቀው ቀጭን ድምፅ።

"ይሄ፣ ከበሮ ስታስደበድበኝ ለኖርክበት!" ቋ! "ይሄ ደግሞ ከእህቴ ሰርግ ላስቀረኸኝ!" ቋ!

"እኔ እኮ ቻሜሊ ነኝ!"

"ዝም በይ፣ ማን እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ!"

ሳቅ ገደለን። ሽማግሌዎቹ እንኳ ጥምጥማቸው ተፈታ። ከዚያ ግን ቻሜሊ እንደ ወትሮው "ባሌ ባሌ ትያለሽ፤ እስቲ ባልሽ ማን ይባላል?" አለች። እዚህ ላይ ፉሊያ ስሙን መጮህ አለባት።

እኔ ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ዕድሜውን ታሳጥራለች ይባላል። እኔ የራሴን ባል ስሙን ሳልጠራ ነው የሸኘሁት። ሌላዋ ሚስት ባሏን "የእገሌ አባት" ትላለች፤ እትዬ ሱክዴይ ልጅ ስላልነበራት ዕድሜዋን ሙሉ "ሰማህ ወይ" ስትለው ነው የኖረችው። እሱ ደግሞ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው! የፉሊያ እጅ እንደተነሳ ቀረ።

"አሃ! ባለቤት የለውማ!" አለች ቻሜሊ። "በቃ፣ ግማሹ ባይሠራም ልውሰደው።"

የሳቀ የለም። ከአንሶላው ኋላ እትዬ ሱክዴይ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"የምን ግማሽ! ድፍኑን ነው የኔ! ራምኬላዋን የኔ ነው!"

አንዷ አሮጊት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የቻሜሊን መልስ ጠበቅን። ጋሽ ራምኬላዋን ግን በአሻንጉሊት ድምፅ ሳይሆን በዚያ በራሱ ጎርናና ድምፅ፣

"አቤት" አላት።