የሸዋነሽ እጅና የሞቱት ከዋክብት

ደብረ ታቦር ውስጥ ድግስ ያለበት ሰው መጀመሪያ ቄሱን፣ ቀጥሎ ሸዋነሽን ይጠራል። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው የሚሉም አሉ፤ ቄስ ከሌላ ደብርም ይመጣል። ከጋፋት ወዲህ ላለው ማኅበር፣ ተዝካርና ሠርግ ትልቁን ድስት የምትጥደው እሷ ናት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ የቸኮለች የምትመስል፣ ግን ማንም አስቸኩሏት የማያውቅ ሴት ናት። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ የተሸከመችው እንቅርት አለ። እናቷ እንዲጠፋላት ብላ ዙሪያውን አስነቅሳዋለች። እንቅርቱ አልጠፋም፤ ንቅሳቱ ግን አምሮበታል። ሸዋነሽ "የሰው እንቅርት ባዶ ነው፤ የኔው ባለጌጥ ነው" ትላለች። ሰው ሳይስቅባት ቀድማ መሳቅ የቆየ ልማዷ ነው።

ዝናዋ ያለው እጇ ላይ ነው። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ባለሙያ ወጥ አይቀምስም። ስለዚህ ሌሎቹ ሴቶች ድስቱን አሽትተው፣ አማትበው፣ የቀረውን ለእግዜር ይተዉታል። ሸዋነሽ ግን ቁሌቱ ቀልቶ ዘይቱ ሲንሳፈፍ እጇን ምድጃው አጠገብ ወዳለው ክዳን የለሽ ማሰሮ ትሰድና የድንጋይ ጨዉን ትዘግናለች። ዘግና በተነች ማለት የጨው ነገር አለቀ ማለት ነው። የፍስክ ቀን እንኳ አትቀምስም። "ቀማሽ ወይ ሌባ ነው ወይ ፈሪ" ብላ ደንግጋለች። ገበታ ላይ ጨው ማቅረብማ በሷ ፊት አይነሳም። አንድ የሩቅ እንግዳ ሠርግ ላይ "ጨው ይኖራል?" ብሎ ጠይቆ ዳሱ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው ይባላል። ሰውዬው በማግስቱ ወደ ሐሙሲት ሄደ። የሄደው ለገበያው ቢሆንም፣ ከተማው ግን እስከ ዛሬ በጨው ምክንያት ነው የሄደው ይላል።

ይህ ሥርዓት የተናጋው ከገዛ ቤቷ ነው። አንድያ ልጇ ሠናይት ኩዌት ሠርታ ከተመለሰች በኋላ ደምመላሽ የሚባል የፊዚክስ መምህር አግብታ፣ እዚያው እናቷ ግቢ ውስጥ ጎጆ ወጥታ፣ ከእናቷ ድስት እየበላች ትኖራለች። በሐምሌ፣ ፅንሷ ሲገፋ፣ ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ አንገቷን ዳሰሰችና ቅንድቧን አነሳች። እብጠት መጀመሩን ነገረቻት። አዮዲን ያልደረሰው ፅንስ አእምሮው እንደሚገባው ላያድግ እንደሚችልም ነገረቻት። ምክሯ አጭር ነበር፤ ጨዉ የታሸገው፣ አዮዲን የተጨመረበት ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥ የሚገባውም ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ይሁን፤ ብዙ ከተንተከተከ አዮዲኑ ይባክናል። ሦስቱም ትእዛዝ የሸዋነሽን ሕግ ተራ በተራ የሚሽር ነበር።

ሠናይት ያን ቀን ማታ ባሏን "አንተ ንገራት" አለችው።

"እኔ? አማቴን ወጥዎ ተሳስቷል ልበላቸው?"

"አስተማሪ አይደለህ?"

"የማስተምረው ፊዚክስ እኮ ነው!"

"እንግዲያው በፊዚክስ ንገራት።"

ደምመላሽ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የጨዉን ነገር ሥር ሲፈልግ ሲፈልግ ምድር ከመፈጠሯ በፊት ደረሰ። በማግስቱ ሸዋነሽ ደጅ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ሸዋነሽ፣ ኮከብ እንደሚሞት ያውቃሉ?"

ሸዋነሽ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ "ማን ሞተ?" አለች።

"ኮከብ። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ላዩ ይፈነዳል፣ መሐሉ ተጨምቆ ይቀራል። የሚቀረው ሬሳ ኒውትሮን ኮከብ ይባላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከዚህ ተነስተው ወደ ወረታ ቢሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል።"

"ተጨምቆ ነው ያልከው? እንደ ጎመን?"

"አዎ፣ እንደ ጎመን። ከሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢቆነጠር ተራራ ያህል ይመዝናል።"

"ጉናን?"

ደምመላሽ ትንሽ አሰላ። "ጉናንስ አያህልም። ከጉና ጎን የተቆረጠ ጉብታ ቢሆን ነው።"

ሸዋነሽ በዚህ መልስ ደስ አላት። አማቿ ሲዋሽ እንኳ ለክቶ የሚዋሽ ሰው ነው ብላ አሰበች። "እሺ፣ ቀጥል" አለችው።

"አንዳንዴ ሁለት እንዲህ ያሉ ሬሳዎች አንዱ ሌላውን ይዞራል። ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ይዞራሉ። እየተቀራረቡ፣ እየፈጠኑ ሄደው በመጨረሻ ይላተማሉ።"

"ሞተውም አልታረቁ!"

"ያን ጊዜ በፍንጣሪው ውስጥ ከባድ ከባዱ ነገር ሁሉ በቅጽበት ይሠራል። ወርቁ፣ ፕላቲኒየሙ፣..." እዚህ ላይ ድምፁ ዝቅ አለ፣ "...አዮዲኑም። የራሴ ፈጠራ እንዳይመስልዎት። በ2009 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ግጭት ሳይንቲስቶች በመሣሪያ አድምጠውታል፣ አይተውታልም። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፤ ለቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው።"

"በፍልሰታ?" ሸዋነሽ መልቀሟን አቆመች። "በጾም የሚደባደብ ኮከብ ሬሳ ቢባል ይነሰው?"

"ግጭቱ እንኳ የሆነው ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያን ቀን የደረሰን ወሬው ነው።"

"እንግዲያው ይቅር ይበላቸው። ያኔ ጾም አልተደነገገም።"

ደምመላሽ ነገሩ በሰላም መሄዱን ሲያይ ልቡ ሞላ። ከእንዲህ ያለ የጥንት ግጭት የተበተነ ትቢያ ፀሐይና ምድር ከተሠሩበት ጉም ጋር እንደተቀላቀለ ነገራት። አዮዲኑም በየአፈሩ እንደደረሰ፣ ነገር ግን የደጋው መሬት ቁልቁለት ስለሆነ ዝናቡ ለዘመናት አጥቦ እንደወሰደው አስረዳት። "ርብ ይቀበለዋል፣ ጣና ይቀበለዋል፣ ዓባይ ይዞት ይወርዳል..."

"ስለዚህ ግብጾች እንቅርት የላቸውም?"

"እሱን አላጠናሁም" አለ ደምመላሽ።

"አየህ መምህር፣ ከሰማይ ተነስተህ ግብፅ ገባህ። እኔ ቤት የምትደርሰው መቼ ነው?"

ከበሩ ጀርባ ቆማ ስታዳምጥ የቆየችው ሠናይት ከዚህ በላይ አልቻለችም። "እማዬ፣ ጨው መጨረሻ ላይ ይደረግ ነው የሚልሽ!"

ሸዋነሽ ቀስ ብላ ወደ አማቿ ዞረች። ስትቆጣ ሰውን አንቱ ማለት ትወዳለች።

"አንቱ! ይህን ለማለት ነው ሁለት ኮከብ የገደሉት?"

ደምመላሽ ከጉቶው ተነሳ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም። ሠናይት መጥታ ከእናቷ ፊት በርከክ አለችና የእናቷን እጅ ይዛ የራሷ አንገት ላይ አኖረችው። ሊጥ ደረሰ አልደረሰ ሲዳስስ የኖረ እጅ ነው፤ ማንም እንዲያስረዳው አልጠበቀም። ሸዋነሽ እዚያው ላይ ጥቂት አቆየችው። የራሷን ሲያዩባት የምትቀልደው ቀልድ ሁሉ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

"ለልጁም ይተርፋል?" አለች።

"ካልተጠነቀቅን አዎ" አለ ደምመላሽ።

"የኔስ? በዚህ ጨው ይሄዳል?"

"የእርስዎ የቆየ ነው፤ በጨው አይመለስም።"

"ደህና። ንቅሳቱን የት አደርገው ነበር!" ቀና ብላ ጭስ ያጠቆረውን የማድቤት ጣራ አየች። "እኔ ስበትን፣ አዮዲናችሁ ከእንፋሎቱ ጋር ሲወጣ... እንግዲህ በዚህ ቤት እንቅርት የማይነካው ይሄ ጣራ ብቻ ነዋ!" ሰፌዷን ታቅፋ ተነሳች። "የታሸገውን አምጡ። ግን ለልጁ ብዬ ነው፤ ለነዚያ ሬሳዎችህ አይደለም።"

ሸዋነሽ ተስማማች። እጇን ግን ማንም አላማከረውም ነበር።

የቡሄ ዕለት የሰፈሩ ማኅበር ድግስ ነበረ። ክረምቱ እንጨቱን አርሶት ማድቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሸዋነሽ ከጎረቤቷ ከአሰለፈች ጋር በእንጨቱ ትነታረካለች። አሰለፈች ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራ ያረጀች፣ አፏም እንደ ቢላዋዋ የሆነ ሴት ናት።

"ይሄ እንጨት ነው ወይስ ከርብ የወጣ ዓሣ?" አለች ሸዋነሽ።

"አንቺ እፍ በይበት እንጂ! ትንፋሽ እንደሁ አልጎደለብሽ።"

በዚህ ንትርክ መሐል ቁሌቱ ቀላ፣ ዘይቱ ተንሳፈፈ፤ የሸዋነሽም እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ ማሰሮው ሄዶ፣ ዘግኖ፣ በትኖ ተመለሰ። ማንም አላየም፤ እሷም አላየችም። ድስቱ ሲወርድ ደግሞ ቃሏን አስታውሳ፣ የታሸገውን ጨው ከፍታ፣ በኩራት ያንኑ ያህል ዘገነች። የታሸገው ጨው ደቃቅ ነው፤ እፍኝ ውስጥ ከድንጋዩ ጨው ይልቅ ጠቅጠቅ ብሎ ይገባል። በጾም ቀን ደግሞ የሚቀምስ የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ገበታው ቀረበ። የሠናይት የነፍስ አባት አባ ይርጋ ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ። ወደ ሰማይ አዩ። "ተመስገን" አሉና ቀጥለው "ውሃ" አሉ። ሌላው ሰው በአክብሮት ዝም ብሎ በላ፤ ጠላው ግን በወትሮው ግማሽ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ደምመላሽ በበደለኛነት ስሜት ሦስት ጊዜ አስጨምሮ በላ፤ እስከ ማታም ድረስ ከእንስራው አልራቀም። አሰለፈች አንድ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ወሬው ለካ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሷል።

"ሸዋነሽ፣ ሁለቱም ኮከቦች ናቸው እንዴ የገቡት?"

በዚያ ሳምንት ሸዋነሽ ለሁለት ድግስ ተጠርታ ለሁለቱም እግሬን አመመኝ አለች። እግሯን የሚያህል ጤነኛ በከተማው አልነበረም። ደምመላሽ ሊያጽናናት መጣ፤ አዋቂ ሰው ሲያጽናና ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሆነ።

"እትዬ፣ እርስዎ እንደ ድሮው ይሥሩ። ለሠናይት ለብቻዋ ትንሽ ድስት እንጥድላታለን።"

"ልጄ ከእናቷ ድስት ተለይታ? ምን አድርጋ? ባላንጣዬ ናት?"

ከዚያ በኋላ ትንሹን ድስት ያነሳ አልነበረም። ችግሩ ግን ቁጭ አለ። ጨዉን መጀመሪያ ብታደርገው የልጅ ልጇ ድርሻ ከእንፋሎት ጋር ይወጣል። መጨረሻ ላይ ብታደርገው እጇ ደቃቁን ጨው አያውቀውም፤ በጾም ደግሞ ቀምሳ አታርመውም። ስሟ ወይም ሕፃኑ፤ ያውም በአንድ እፍኝ ጨው።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ተራው የራሷ ሆነ። ዕለቱ ረቡዕ ዋለ። በገዛ ቤት እግሬን አመመኝ አይባልም። ሸዋነሽ ማልዳ የድንጋይ ጨዉን ማሰሮ ለአሰለፈች ሰጥታ ከግቢ አስወጣችው። "እጄ ቢከተለው እንኳ አታስገቢው" አለቻት። ቁሌቱ ሲቀላ እጇ እንደ ልማዱ ሄዶ ባዶውን መሬት ዳበሰና አፍሮ ተመለሰ። ሽሮው ተጨመረ፣ ተንተከተከ፣ ድስቱ ወረደ። ሸዋነሽ የታሸገውን ጨው ይዛ ድስቱ ላይ ቆመች። አልበተነችም።

ሠናይት በሩን ተደግፋ፣ ሆዷን አስቀድማ ታኝካለች።

"ምን ትበያለሽ?"

"ዳቦ ነዋ። በዚህ ሆድ አትጹሚ ብለው አባ ይርጋ ፈቅደውልኝ የለ? ረሳሽው እንዴ?"

ሸዋነሽ የልጇን አፍ ትኩር ብላ አየችው። የቤቱ ሰው ሁሉ ይጾማል፤ ያ አንድ አፍ ብቻ ግን ሲንቀሳቀስ ይውላል። እጇ ከሚፈልገው ያነሰ ጨው በተነች፣ አማሰለች፣ በጭልፋው ጫፍ ጨለፈችና እፍ አለችበት።

"ነይ። አፍሽን ክፈቺ።"

"እኔ? ቀማሽ ወይ ሌባ ነው ወይ ፈሪ ያለው ማን ነበር?"

"ማን አንቺን ቅመሺ አለሽ? የሚቀምሰው እሱ ነው።" በጭልፋው ሆዷን አመለከተች። "አንቺ መንገድ ነሽ። እሱ ደግሞ ክርስትና አልተነሳ፣ ጾም አይዘው።"

ሠናይት ቀመሰች። ከንፈሯን ላሰች። ማሰሮውን ቤቷ አድርሳ የተመለሰችው አሰለፈች ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

"ማን ነው ያለው? አንቺ ወይስ እሱ?"

"ሁለታችንም።"

ሸዋነሽ በጣቷ ቆንጥራ ጨመረችና ድስቱን ከደነችው። በዘመኗ ከእጇ በላይ ይግባኝ የሰማችው ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም ገና ካልተወለደ ሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማኅበርተኛው ተቀመጠ። አባ ይርጋ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ፤ ወደ ሰማይ አላዩም፤ ወደ ገበታው ነው ያዩት፣ ሁለተኛውንም ጎረሱ። ውሃ የጠየቀ የለም። ጨው የጠየቀ የለም። ሠናይት ከእናቷ ድስት፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ከመሶቡ ዳር በላች። ደምመላሽ ይህን ሲያይ ከሐምሌ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ፤ ትንፋሹም ወዲያው ንግግር ሆነ። አጠገቡ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞር ብሎ፣ እጆቹን እንደ ሁለት ኮከብ አንዱን በሌላው ዙሪያ ያዞር ጀመር፤ ሁለቱ ሬሳዎች ሊላተሙ ጥቂት ሲቀራቸው የሸዋነሽ ድምፅ ከማድቤቱ በር መጣ።

"መምህር፣ ብላ! ኮከብህ ሊቀዘቅዝ ነው።"